ሥልጠናና ሥልጣን፦ የደቡባዊ አፍሪካ ሜቶዲስቶች ምእመናንን ለአገልግሎት ያዘጋጁበት መንገድ

(ለሕዝብ ከቀረበ ትምህርታዊ ንግግር የተወሰደ ጽሑፍ)



የዛሬው ንግግሬ በሁለት ቃላት ላይ የቆመ ነው፤ ሥልጠናና ሥልጣን። ሁለቱም ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። በዕለት ተዕለት አማርኛችን «ሠለጠነ» ስንል ተማረ፣ ሙያ ያዘ ማለታችን ነው። በግእዙ ግን ቃሉ ገዛ፣ ማዘዝ ተቻለው ወደሚለው ፍቺ ይወስደናል። ቋንቋው ሁለቱን አንድ ላይ ቢያኖራቸውም ተቋማት ብዙ ጊዜ ይለያዩዋቸዋል። ሰውን አሠልጥኖ ሥልጣን የሚነፍግ አለ፤ ሥልጣን ሰጥቶ ሥልጠና የሚነፍግም አለ። የደቡባዊ አፍሪካ ሜቶዲስት አብያተ ክርስቲያናት ታሪክ ሁለቱንም በጉልህ ስለሚያሳይ፣ ጉዳዩን በእርሱ በኩል ላስረዳ እወዳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ስለ ሥርዓቱ አመጣጥ ጥቂት ልበል። የሜቶዲስት እንቅስቃሴ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ አገር፣ በአንግሊካን ካህኑ በጆን ዌስሊ መሪነት የተነሣ ነው። በ1742 በብሪስቶል ከተማ የነበሩት ተከታዮቹ ለመሰብሰቢያ ቤታቸው ግንባታ የገቡበትን ዕዳ የሚከፍሉበት ዘዴ ፈለጉ። አባላቱ አሥራ ሁለት ያህል እየሆኑ በቡድን እንዲከፈሉ፣ እያንዳንዱ ሰው በሳምንት አንድ ፔኒ እንዲያዋጣ፣ አንድ መሪም በየቤቱ እየዞረ እንዲሰበስብ ተስማሙ። መሪው ለገንዘብ ሲዞር ግን የታመመውን፣ የተጣላውን፣ በመጠጥ የወደቀውን ሁሉ አየ። ስለዚህ ገንዘብ ሰብሳቢው ቀስ በቀስ የነፍስ ጠባቂ ሆነ፤ ቡድኑም «ክፍል» ተብሎ የእንቅስቃሴው መሠረት ሆነ። ማኅበርና እድር ለሚያውቅ የእኛ አድማጭ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ለመዋጮ የተሰበሰበ ሰው ለመጠያየቅም እንደሚሰበሰብ እናውቃለን።

የክፍል መሪዎቹ ካህናት አልነበሩም። ከእነርሱ መካከል የመናገር ስጦታ ያላቸው ደግሞ መስበክ ጀመሩ። ዌስሊ መጀመሪያ ላይ ቢያመነታም በኋላ ተቀበላቸው፤ ነገር ግን ሳያነቡ እንዲሰብኩ አልፈቀደም። ከ1749 እስከ 1755 ባሉት ዓመታት ለእነርሱና ለምእመናኑ የሚሆኑ ጽሑፎችን እያሳጠረ በ50 ቅጾች አሳተመ። ካህን ያልሆነ ሰው መስበክ ይችላል፤ የሚሰብክ ሰው ግን መማር አለበት የሚለው አቋም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የሜቶዲስቶች መለያ ሆኖ ቆይቷል።

ሥርዓቱ በአጭሩ እንዲህ ይሠራል። በርካታ አጥቢያዎች በአንድነት «ሰርኪዩት» የሚባል ወረዳ ይመሠርታሉ። የተሾሙት መጋቢዎች ቁጥር ከአጥቢያዎቹ ቁጥር እጅግ ያነሰ ስለሆነ፣ በየእሑዱ በብዙ አጥቢያዎች የሚሰብኩት ምእመናን ሰባኪዎች ናቸው። አንድ ምእመን ለስብከት መጠራቱን ሲገልጽ በመጀመሪያ ከልምድ ባለቤት ሰባኪ ጋር እየሄደ እንዲለማመድ ይፈቀድለታል። ቀጥሎ በሙከራ ላይ ይቆያል፤ መጽሐፍ ቅዱስንና ትምህርተ ሃይማኖትን አጥንቶ ይፈተናል፤ ስብከቱም ይገመገማል። ሲያልፍ ስሙ ለሩብ ዓመት በሚወጣው የስብከት መርሐ ግብር ላይ ከሙሉ ሰባኪዎች ተርታ ይሰፍራል። ከእነዚህ መካከል አንዳንዶቹ ለመጋቢነት ይታጫሉ። ቅዱስ ቁርባን ማቀበል ግን በመደበኛው ሥርዓት የተሾመው መጋቢ ድርሻ ነው። መሰላሉ ከታች ሰፊ፣ ከላይ ጠባብ ነው ማለት ነው፤ ክርክሩም ሁልጊዜ የሚነሣው በጠባቡ ላይ ነው።

ይህ ሥርዓት ወደ ደቡባዊ አፍሪካ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ዊልያም ሾው የተባለው ሚስዮናዊ በ1820 ከእንግሊዛውያን ሰፋሪዎች ጋር መጥቶ በምሥራቃዊ ኬፕ የሚስዮን ጣቢያዎችን ሰንሰለት ዘረጋ። ይሁንና ወንጌሉን ከጣቢያዎቹ አጥር ውጭ ያደረሱት በአብዛኛው አፍሪካውያን ምእመናን ነበሩ። በ1866 አሜሪካዊው ሰባኪ ዊልያም ቴይለር በአካባቢው ሲዞር የተከሰተው ታላቅ መነቃቃት በአስተርጓሚው በቻርልስ ፓምላ አንደበት የመጣ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በትራንስቫል ሰሜናዊ ክፍል ሳሙኤል ማታባቴ ያለ አንዳች ሚስዮናዊ ድጋፍ ለዓመታት ጉባኤ ሰብስቦ፣ ትምህርት ቤት ከፍቶ ቆየ። የዛሬዋ ማፑቶ በቆመችበት አካባቢም ሮበርት ማሻባ በ1880ዎቹ ተመሳሳይ ሥራ ሠራ፤ በ1890ዎቹ ደግሞ የፖርቱጋል ባለሥልጣናት ይዘው ወደ ኬፕ ቨርዴ አጋዙት። ሚስዮናውያኑ በኋላ በደረሱባቸው በእነዚህ ቦታዎች የጠበቃቸው አዲስ መስክ ሳይሆን ሲሠራበት የኖረ እርሻ ነበር።

የሚስዮን ማኅበሩ ጸሐፊ ጆን ኪልነር በ1880 ደቡብ አፍሪካን ሲጎበኝ ይህን አይቶ አፍሪካውያን ሰባኪዎች በብዛት ወደ መጋቢነት እንዲገቡ ገፋፋ። በፕሪቶሪያ አቅራቢያ በ1886 የተከፈተው የመምህራንና የሰባኪዎች ማሠልጠኛ በስሙ ኪልነርተን ተባለ። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የተስፋ ታሪክ ነው።

አሁን ወደ አንድ ሰው ልውሰዳችሁ። ማንጌና ሞኮኔ በወጣትነቱ ደርባን ወርዶ በቤት ሠራተኛነት ያገለገለ፣ በማታ ትምህርት የተማረ፣ ከዚያም ሰባኪ የሆነ ሰው ነው። ደረጃዎቹን አንድ በአንድ አለፈ፤ በመጨረሻም የተሾመ መጋቢ ሆነ፤ በኪልነርተንም አስተማረ። ሥርዓቱ የጠየቀውን ሁሉ አሟልቷል። ሆኖም ከ1886 ጀምሮ ነጮቹና ጥቁሮቹ መጋቢዎች የሚሰበሰቡት ለየብቻ ሆነ፤ የጥቁሮቹን ስብሰባ የሚመራው ግን ነጭ ሊቀ መንበር ነበር። በደመወዝ፣ በመኖሪያ ቤትና በአበል ረገድም ልዩነቱ ሰፊ ነበር። ሞኮኔ በጥቅምት 1892 ምክንያቶቹን በጽሑፍ ዘርዝሮ ከቤተ ክርስቲያኑ ለቀቀ። በፕሪቶሪያ የጥቁሮች ሠፈር በማራባስታድ ከጥቂት ተከታዮች ጋር አዲስ ቤተ ክርስቲያን መሠረተ፤ ስሟንም «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» አላት።

ተማሪዎቼ ይህን ስም ሲሰሙ ብዙውን ጊዜ ዓድዋን ያነሣሉ። ነገር ግን ዓድዋ በ1896 የሆነ ነው፤ ስሙ አራት ዓመት ይቀድመዋል። ሞኮኔ ስሙን ያገኘው በመዝሙረ ዳዊት ውስጥ የኢትዮጵያን እጆች ከሚያነሣው ቃል ነው። ለእርሱና ለጓደኞቹ ኢትዮጵያ ማለት አፍሪካውያን ያለ ሞግዚት በእግዚአብሔር ፊት የሚቆሙበት ስም ነበር። የዓድዋ ድል ለስሙ ተጨማሪ ክብደት ሰጠው እንጂ አልወለደውም። አገራችን በዚያ ክርክር ውስጥ ሳታውቀው ስሟን አውሳለች ማለት እንችላለን።

ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው፣ ሞኮኔ የሜቶዲስትን ትምህርትም ሆነ ሥርዓት አልጣለም። ክፍሉን፣ ሰባኪዎቹን፣ የሩብ ዓመቱን መርሐ ግብር ይዞ ወጣ። ተቃውሞው ሥልጠናው ወደ ሥልጣን የሚያደርሰውን በር በመዝጋቱ ላይ ነበር። ይህ በእርሱ የተጀመረ አይደለም። በፊላደልፊያ ሪቻርድ አለን የተባለው ጥቁር ሜቶዲስት ሰባኪ በተመሳሳይ ምክንያት ከነጮቹ ጉባኤ ወጥቶ ነበር፤ በ1816ም የአፍሪካ ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ተመሠረተች።

ሁለቱን ያገናኘችው አንዲት ወጣት ዘማሪ ናት። ቻርሎት ማንዬ፣ በኋላ ስሟ ቻርሎት ማክሰኬ፣ ከመዘምራን ቡድን ጋር አሜሪካ ሄዳ ቡድኑ ሲበተን በኦሃዮ ግዛት በዊልበርፎርስ ዩኒቨርሲቲ የመማር ዕድል አገኘች። ጆሃንስበርግ ለነበረችው እኅቷ የጻፈችው ደብዳቤ ሞኮኔ እጅ ገባ፤ እርሱም በ1895 ለኤጲስ ቆጶስ ሄንሪ ማክኒል ተርነር ጻፈ። በ1896 የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከአሜሪካዪቱ እኅቷ ጋር ተዋሐደች።

እዚህ ላይ ታሪኩ ሌላውን ገጽ ያሳየናል። ተርነር በ1898 ደቡብ አፍሪካን ሲጎበኝ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከሃምሳ በላይ አገልጋዮችን ሾመ። ለዓመታት በር ሲዘጋባቸው ለኖሩ ሰዎች ይህ ታላቅ ደስታ ነበር። ይሁን እንጂ ሥልጣኑ ከሥልጠናው ቀደመ። የሚያሠለጥን ኮሌጅ፣ ገንዘብና መምህራን በዚያው ፍጥነት አልመጡም። ከመሪዎቹ አንዱ የነበረው ጄምስ ድዌን በሹመቱ ዕውቅና ጉዳይ ቅር ተሰኝቶ ብዙ ሳይቆይ ወደ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ዞረ። ክፍተቱን በትዕግሥት መሙላት የጀመሩት እንደ ቻርሎት ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ተመርቃ ከተመለሰች በኋላ ከባሏ ጋር ሆና በኤቫተን ትምህርት ቤት አቋቋመች።

በነባሩ ቤተ ክርስቲያን የቀሩት ጥቁር ሜቶዲስቶችም ዝም አላሉም። ሴቶቹ «ማንያኖ» በሚባለው የጸሎት ማኅበራቸው፣ ቀይ ሸሚዝና ጥቁር ቀሚስ ለብሰው በየሐሙሱ እየተሰበሰቡ መጸለይን፣ መናገርንና ገንዘብ ማስተዳደርን ተማሩ። ሐሙስ ለብዙ የቤት ሠራተኞች የዕረፍት ቀን ነበር። ማንም በይፋ «ኮሌጅ» ብሎ ባይጠራውም፣ ከየትኛውም ኮሌጅ ይልቅ ብዙ ሴቶችን ያሠለጠነ ይህ ማኅበር ነው ብዬ አምናለሁ።

የበላዩ በር የተከፈተው ቀስ በቀስ ነው። የሜቶዲስት ጉባኤ በ1958፣ አፓርታይድ በበረታበት ጊዜ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ አንዲትና ያልተከፋፈለች መሆኗን አወጀ። ሴት ሞኪቲሚ በ1963 ለጉባኤው ፕሬዚዳንትነት የተመረጠ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ። በዚያው ዓመት ሜቶዲስቶች ከሌሎች ሦስት አብያተ ክርስቲያናት ጋር በአሊስ ከተማ የጋራ የነገረ መለኮት ሴሚናሪ ከፈቱ። ጥቁር መጋቢዎች በነጻነት የሚያስቡበት ቦታ ለመንግሥት አልተመቸም፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ ግቢው ተወረሰ፤ ሴሚናሪውም ከቦታ ቦታ ተንከራትቶ በመጨረሻ በፒተርማሪትስበርግ አካባቢ ዐረፈ፤ በ1993ም ተዘጋ። ዛሬ በዚያው ከተማ የሚገኘው የሜቶዲስት ሴሚናሪ በሞኪቲሚ ስም ይጠራል። በ2019 ደግሞ ፑሪቲ ማሊንጋ ቤተ ክርስቲያኒቱን በጳጳስነት እንድትመራ የተመረጠች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

ዛሬ የደቡባዊ አፍሪካ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን በስድስት አገሮች፣ ማለትም በደቡብ አፍሪካ፣ በናሚቢያ፣ በቦትስዋና፣ በሌሶቶ፣ በኤስዋቲኒና በሞዛምቢክ ትሠራለች። ለክፍል መሪዎች፣ ለሰባኪዎች፣ ለወንጌላውያንና ለመጋቢነት ዕጩዎች የሚሆኑ የሥልጠናና የአገልግሎት ጥሪዎች ይወጣሉ። ከላይ ያየነው ታሪክ ማንኛውንም ዓይነት ጥሪ የምንመዝንባቸውን ሦስት ጥያቄዎች ይሰጠናል።

የመጀመሪያው፣ ጥሪው ለማን ይደርሳል የሚል ነው። ሥልጠናው በሥራ ቀን የሚሰጥ ከሆነ የቀን ሠራተኛው አይመጣም፤ በእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ በዙሉ፣ በሶቶ ወይም በጾንጋ ሲሰብክ የኖረው አዛውንት ይቀራል። የማንያኖ ሴቶች ሐሙስን የመረጡት የማን ቀን ነጻ እንደሆነ ስላወቁ ነው።

ሁለተኛው፣ ሠልጣኙ ይዞት የመጣው ዕውቀት ይቆጠርለታል ወይ የሚል ነው። ማታባቴን የመሰለ ሰው ወደ ክፍል ሲገባ ባዶ ዕቃ አይደለም። የሚያስተምረው ሰው ስለ ሰነዶች ሊነግረው ይችላል፤ ጉባኤ ከምንም ተነሥቶ እንዴት እንደሚቆም ግን ከእርሱ መስማት አለበት።

ሦስተኛውና ዋነኛው፣ ሥልጠናው ሲያልቅ ምን ይከፈታል የሚል ነው። የምስክር ወረቀቱ ወደ መርሐ ግብሩ፣ ወደ ጉባኤው ድምፅ፣ ወደ በጀቱ ጠረጴዛ ያደርሳል? ወይስ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል? ሞኮኔ ሁሉን ፈተና ካለፈ በኋላ የጠየቀው ይህንኑ ነው፤ መልስ በማጣቱም አንድ ቤተ ክርስቲያን ለሁለት ተከፈለ።

እነዚህ ጥያቄዎች የሜቶዲስቶች ብቻ አይደሉም። ሐኪም ቤቱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛን ሲያሠለጥን፣ ዩኒቨርሲቲው ረዳት መምህር ሲቀጥር፣ ቀበሌው ወጣቶችን ለሥልጠና ሲጠራ፣ ተጠሪው ሰው በልቡ የሚጠይቀው ያንኑ ነው። አሠልጣኞች የሆንን ሁላችን የትምህርቱን ዝርዝር ከመጻፋችን በፊት በመጨረሻው ላይ የሚጠብቀውን በርና ቁልፉን የያዘውን ሰው መጻፍ ይገባናል። ይህ ካልተጻፈ ሠልጣኙ አንድ ቀን ራሱ ይጽፈዋል፤ በ1892 እንደ ተጻፈው ዓይነት የመልቀቂያ ደብዳቤ።