ፕሮቲን ተሸካሚዎቹ ጥቃቅን ድቡልቡሎች

የስኳር ሕሙማን ኢንሱሊንን የሚወጉት እንጂ የማይውጡት ለምን እንደሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

ኢንሱሊን ፕሮቲን ስለሆነ ነው። ፕሮቲን አሚኖ አሲድ የሚባሉ ቅንጣቶች እንደ ጨሌ ተሰክተው የሚሠሩት ሰንሰለት ሲሆን፣ በራሱ ላይ ተጠቅልሎ የተለየ ቅርጽ ይይዛል። ቅርጹን ካጣ ሥራውን ያቆማል። እንቁላል ስትጠብሱ ውሃ የመሰለው ክፍል ነጭ ሆኖ ይረጋል አይደል? ፕሮቲኑ በሙቀት ቅርጹን አጣ ማለት ነው፤ ቢቀዘቅዝም ወደ ነበረበት አይመለስም። የዋጥነውን ፕሮቲን ደግሞ የጨጓራ አሲድና ኢንዛይሞች እንደ ማንኛውም ምግብ ቆራርጠው ይፈጩታል።

"ታዲያ ይሄ ከኤች አይ ቪ ጋር ምን አገናኘው?" ትሉ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ የተፈቀደው ኤንፉቪርታይድ የተባለ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት 36 አሚኖ አሲዶች ያሉት አጭር ሰንሰለት ነው። ቫይረሱ ወደ ሴል እንዳይገባ በር ላይ ያግደዋል። ሌሎች መድኃኒቶች አልሠራ ላሏቸው ሕሙማን ተስፋ ነበር። ግን በቀን ሁለት ጊዜ ከቆዳ ሥር መወጋት ግድ ሆነ፤ የአብዛኞቹም የተወጉበት ቦታ ይቆጣ ነበር።

እንዲህ ያለውን መድኃኒት ከልለው እንዲይዙ ከሚጠኑት ነገሮች አንዱ ሚሴል ነው። ሳሙናን አስቡ። የሳሙና ሞለኪውል አንዱ ጫፉ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ይሸሻል። ውሃ ውስጥ ሲገቡ ሸሺዎቹ ጫፎች ወደ መሐል ተሸሽገው ድቡልቡል ይሠራሉ፤ ሚሴል ማለት ይኸው ነው። ፖሊመር ከሚባሉ ረጃጅም ሰንሰለቶች የሚሠራው ሚሴል ከሳሙናው ይበልጥ ይጸናል። ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 100 ናኖ ሜትር ነው።

ይሁንና ብዙ ፕሮቲኖች ውሃ ወዳድ ስለሆኑ ቅባታማ መሐል አይመቻቸውም። የጃፓን ተመራማሪዎቹ ሐራዳና ካታኦካ እ.ኤ.አ. በ1998 ሌላ ዘዴ አሳዩ። በእንቁላል ነጩ ክፍል የሚገኘውን ላይሶዛይም ወሰዱ። ፕሮቲኑ ፖዘቲቭ ቻርጅ፣ ፖሊመሩ ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላለው ተሳስበው ሚሴል ሠሩ።

ችግሩ ግን ሚሴል እንደ ግድግዳ የቆመ ነገር አለመሆኑ ነው። ሰንሰለቶቹ ይወጣሉ፣ ይገባሉ። በደም ሲቀጥን ይላላል፤ የደም ጨውም በቻርጅ የተያያዘውን ስበት ያዳክመዋል። በመንገድ ላይ ከተበተነ ፕሮቲኑ ያለ ከለላ ይቀራል። አጥብቀን ብናስረው ደግሞ ፕሮቲኑ ሳይወጣ ይቀራል። ስለዚህ በደም ውስጥ የሚጸኑ፣ አሲድነት ያለበት ቦታ ሲደርሱ ግን የሚፈቱ ማሰሪያዎች እየተሞከሩ ነው።

ወጣቶች ሆይ! ኤች አይ ቪን የሚፈውስ ሚሴል እስካሁን የለም። "በናኖ እናድናለን" የሚላችሁ ቢኖር አትስሙት። መድኃኒት የጀመራችሁ በሰዓቱ ውሰዱ፤ ማቆራረጥ ቫይረሱ መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርጋል። የቫይረሱ መጠን በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ ደርሶ እዚያው ከቆየ በግብረ ሥጋ ግንኙነት አይተላለፍም። ተማሪ የሆናችሁ ደግሞ የኬሚስትሪ ደብተራችሁን አደራ፤ ይህን ቋጠሮ የሚፈታው ከእናንተ አንዱ ሊሆን ይችላል።