የዋሽንግተን ተራራ ዳገት፦ የ50 ዓመት ውድድርና ያልጠራው መዝገብ

አዲስ አበባ ለኖረ ሰው 1,917 ሜትር ከፍታ ብርቅ አይደለም፤ መዲናችን ራሷ ከዚያ በላይ ናት። በአሜሪካ ኒው ሃምሻየር ግዛት የሚገኘውን የዋሽንግተን ተራራ ግን በከፍታው ብቻ የመዘነ ይሳሳታል። ኤፕሪል 12 ቀን 1934 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጫፉ ላይ በሰዓት 372 ኪሎ ሜትር የሚከንፍ ነፋስ ተለክቷል። ከዚያ የሚበልጥ የተመዘገበው ከ60 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1996 በአውስትራሊያ ነው። ብስክሌተኞች ከ1973 ጀምሮ ወደዚህ ጫፍ ሲሽቀዳደሙ ኖረዋል። በየኦገስቱ የሚካሄደው ይህ ውድድር በአሜሪካ ትልቅ ስም አለው። የሰዓት መዝገቡን ገልጦ የሚያይ ሰው ግን ከክብሩ ጎን የብስክሌት ስፖርት ለረጅም ጊዜ የተሸከመውን ነውርም ያገኛል።

መንገዱና አወጣጡ

መንገዱ ከውድድሩ እጅግ ይቀድማል። በ1861 ሲከፈት የፈረስ ጋሪ መንገድ ነበር። በ1899 ፍሪላን ስታንሊ ከባለቤቱ ጋር በእንፋሎት መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣው፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀበት። ዛሬ ጎበዝ ብስክሌተኛ ያንኑ መንገድ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል።

ርዝመቱ 12.2 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ከመነሻው አጭር ሜዳ በኋላ ግን ትንፋሽ የሚሰበሰብበት ቦታ የለም ማለት ይቻላል። በአማካይ በየ100 ሜትሩ 12 ሜትር ሽቅብ ይወጣል፤ በአንዳንድ ቦታ 18 ይደርሳል፤ ጫፉ አጠገብ ያለችው የመጨረሻዋ ቁራጭ ደግሞ 22 ናት። ስለዚህ ብዙዎች የኮርሳቸውን ማርሽ ቀይረው ይመጣሉ፤ ለሜዳ የተሠራው ትልቁ የፊት ጥርስ እዚህ አያገለግልም። እኩሌታው ያህል በደን ውስጥ ይወጣል። ከዚያ በላይ ዛፍ የለም፤ ድንጋይና ጭጋግ ብቻ ነው፤ ነፋሱም ከፈለገው አቅጣጫ ይመጣል። መጨረሻው መስመር ላይ በጎ ፈቃደኞች ብርድ ልብስ ይዘው ይጠብቃሉ። ከፔዳሉ ወርዶ መቆም የሚያቅተውን ደግፈው ይይዙታል፤ ላቡ ሳይቀዘቅዝበትም ያለብሱታል። ቁልቁል በብስክሌት መውረድ ክልክል ነው። በዚያ ቁልቁለት ፍሬን የሚታመን ነገር ስላልሆነ ተወዳዳሪው ሁሉ በመኪና ይወርዳል።

ሰዓቶቹና ባለቤቶቻቸው

በ1980 ዴል ስቴቲና 57 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ገባ። ይህ ሰዓት 17 ዓመት ሙሉ አልተደፈረም። በ1997 ታይለር ሃሚልተን ወደ 51 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ አወረደው፤ በ1999 ደግሞ ራሱ 50፡21 አደረገው። በ2002 ቶም ዳንየልሰን 49፡24 ገባ። በሴቶች በኩል የኦሎምፒክ ሻምፒዮኗ ዣኒ ሎንጎ በ2000፣ በ41 ዓመቷ፣ 58፡14 ስትገባ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ካናዳዊቷ ዤኔቪየቭ ዣንሶን 54፡02 አስመዘገበች።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሃሚልተን የዚያ አካባቢ ሰው ነበር፤ በልጅነቱ ከዋሽንግተን ፊት ለፊት ባለው የዋይልድካት ተራራ ላይ በረዶ ሲንሸራተት ያደገ። በ2005 የሌላ ሰው ደም በመውሰድ ጥፋት ለሁለት ዓመት ታገደ። የተራራው ውድድር በብስክሌት ፌዴሬሽን ሥር ስላልነበረ በዚያው ዓመት መጥቶ አሸነፈ። በ2011 በቴሌቪዥን ቀርቦ የተከለከለ መድኃኒት መጠቀሙን አመነ፤ በቀጣዩ ዓመት ባሳተመው መጽሐፍም ነገሩ የጀመረው በ1997 እንደነበር ጻፈ። ይህ ተራራው ላይ የመጀመሪያውን ሰዓት የሰበረበት ዓመት ነው። ዣንሶንም በ2007 ከ16 ዓመቷ ጀምሮ ኢፒኦ የተባለውን የተከለከለ መድኃኒት ስትወስድ እንደኖረች ተናገረች። ዳንየልሰን በ2012 አምኗል፤ ያመነው ግን በኋለኞቹ የፕሮፌሽናል ዓመታቱ ላደረገው ነውና የ2002ቱን ሰዓት በዚያው ሚዛን መመዘን አይገባም።

ይህ ነውር ከሌላ ቦታ ይልቅ ዳገት ላይ የሚከብድበት ምክንያት አለ። በሜዳ ውድድር ከሰው ኋላ ተጠግቶ ነፋስ መከለል ይቻላል፤ ቡድንም ያግዛል። እዚህ ግን የ49፡24ቱ ባለቤት እንኳ ፍጥነቱ በአማካይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር አልሞላም። በዚህ ፍጥነት የሰው ከለላ ብዙም አይጠቅምም፤ የሚወስነው የሰውነት ክብደትና ደም የሚሸከመው ኦክስጅን ነው። ኢፒኦ የሚጨምረውም ይህንኑ ኦክስጅን የሚሸከመውን ቀይ የደም ሕዋስ ነው። ስለዚህ ዳገት ላይ ያጭበረበረ ሰው የውድድሩን ዋና ፈተና ራሱን ነው የሰረቀው። በንጹሕ ደም ወጥቶ ሁለተኛ የሆነውን ሰው ማን ይክሰው?

የተረፈው መልካም ነገር

ውድድሩ ግን በአሸናፊዎቹ ብቻ አይለካም። ለመመዝገብ ገንዘብ ይከፈላል፤ ገቢው ልጆችን ስለ ተፈጥሮ ለሚያስተምረው የቲን ማውንቴን ጥበቃ ማዕከል ይውላል። በመቶዎች የሚቆጠሩት ተሳታፊዎች አብዛኞቹ በሳምንቱ ቀናት ሥራ ላይ የሚውሉ ሰዎች ናቸው። ከአምናው ሰዓታቸው አንዲት ደቂቃ ለመቀነስ ዓመት ሙሉ ይለማመዳሉ። የሩጫ ወዳጆች ደግሞ ይህን መንገድ በሌላ ውድድር ያውቁታል፦ በዚሁ ዳገት ላይ በሚካሄደው የእግር ሩጫ በ2010 ኢትዮጵያዊቷ ሸዋረግ አማረ 1 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ ገብታ የሴቶችን ክብረ ወሰን ሰብራለች።

የተለካ ሰዓት ተለክቷልና ከመዝገብ ይፋቅ አልልም፤ መፋቅ ታሪኩን መደበቅ ይሆናል። ነገር ግን ባለቤቱ በራሱ አንደበት ያመነው ሁሉ ከሰዓቱ ጎን በግልጽ ሊጻፍ ይገባል። ዳገቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወጣ የ16 ዓመት ልጅ 54፡02 የሚለውን ቁጥር ስታይ፣ እንዴት እንደተገኘም ማወቅ መብቷ ነው። ይህን መጻፍ ለአዘጋጆቹ አንዲት መስመር ቀለም ብቻ ነው የሚጠይቃቸው፤ በየኦገስቱ በንጹሕ ጉልበታቸው ለሚወጡት ግን ትልቅ ፍትሕ ነው።