ያልጸደቀው ሕግ፦ ከላስታ ርስተ ጉልት እስከ ወሎ ረኃብ



ባለሀብቶች በመንግሥት ፖሊሲ ላይ ስለሚያሳድሩት ተጽዕኖ ሲነሣ አስቀድሞ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ጉቦ ነው። እኔ ዛሬ የማስረዳው ግን ድምፅ የሌለውን መንገድ፣ ሕግን ማዘግየትን ነው። ማስረጃዬን ከላስታ እጀምራለሁ።

በላስታ ደጋ ገበሬው መሬቱን በአብዛኛው በርስት ይዞ ያርስ ነበር። በርስቱ ላይ ግን የባለጉልት መብት ተደርቦ ነበር፤ ርስተ ጉልት የተሰጠው መኰንን ግብሩን ይሰበስባል፣ ከፊሉን ለመንግሥት ያስገባል፣ የቀረውን ለራሱ ያደርጋል። በ1958 ዓ.ም. ይህ ሥርዓት በአዋጅ ቀረ። በዚያው ዓመት የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር ተቋቋመ።

ሚኒስቴሩ ቀጥሎ በባለመሬትና በጭሰኛ መካከል ያለውን ግንኙነት የሚወስን ረቂቅ አዘጋጀ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለመሬቱ የምርቱን እስከ ሦስት አራተኛ እንዲወስድ ይፈቅድ ነበር። ረቂቁ ይህን ለመገደብና ጭሰኛውን ከዘፈቀደ መባረር ለመጠበቅ የታሰበ ነበር። ፓርላማ ገባ፤ ሳይጸድቅ አብዮቱ ደረሰ።

ለምን? በ1948ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው በምርጫ ወረዳው ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። የሕግ መወሰኛው አባላት ደግሞ በንጉሠ ነገሥቱ ይሾሙ ነበር። ስለዚህ ባለመሬቱ ሕግ አውጪውን መግዛት አላስፈለገውም፤ ሕግ አውጪው በአብዛኛው ራሱ ባለመሬት ነበርና። የርስተ ጉልቱ አዋጅ ለግምጃ ቤት ገቢ ያመጣ ስለነበር አለፈ፤ የጭሰኛው ረቂቅ ከምክር ቤቱ አባላት ጎተራ የሚቀንስ ስለነበር ቆመ።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ በረኃብ ተመታች። ረቂቁ ቢጸድቅ ኖሮ ረኃቡ ባልደረሰ ነበር አልልም። ሆኖም አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ በዚያው ወቅት ከወሎ እህል ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ይወጣ ነበር። ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውምና ገበያው አልሰማውም። ከዚያ በፊት ምክር ቤቱም አልሰማውም ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ ያለ ካሣ የሕዝብ ሀብት ሆነ። አዋጁን ያወጣው ፓርላማ ሳይሆን ደርግ ነበር። ጥቂት ለመተው ያልፈቀደው ባለመሬት ሁሉን አጣ፤ አገሪቱም በክርክር ሕግ የምታወጣበትን ዕድል አጣች።

እናንተ የፖሊሲ ተማሪዎች፣ የጸደቁትን ሕጎች ብቻ አትመርምሩ። በመሳቢያ የቀሩትንም ፈልጉ፤ መዘግየታቸው ማንን እንደጠቀመም ጠይቁ።