ዳር ሲፈታ፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ ስላሉ የደን ደሴቶችና የውኃ ዳርቻዎች



የዛሬው ንግግሬ ስለ ደሴት ነው። የባሕር በር በሌላት ሀገር፣ ያውም በተራራማ ከተማ ዙሪያ፣ ስለ ደሴት መናገር እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ የሥነ ምኅዳር ሊቃውንት ቃሉን አስፍተው ይጠቀሙበታል። አንድ ሕያው ፍጡር ሊኖርበት የሚችለው ስፍራ ሊኖርበት በማይችለው ስፍራ ከተከበበ፣ ከባቢው ውኃ ይሁን እርሻ ወይም የቤት ጣሪያ፣ ያ ስፍራ ለእርሱ ደሴት ነው። በዚህ ትርጉም ካየነው አዲስ አበባ በደሴቶች የተከበበች ከተማ ናት። በምዕራብ፣ ከሰበታ ከፍ ብሎ፣ የወጨጫ ተራራና የመናገሻ ሱባ ደን ይገኛሉ፤ በቡራዩ አጠገብ የገፈርሳ ግድብ፣ በሰሜን እንጦጦና ከጀርባው የተዘረጋው የሱሉልታ ሜዳ፣ በምሥራቅ ደግሞ የለገዳዲ ግድብ አለ። እነዚህ ስፍራዎች ለከተማው ሰው መዝናኛ፣ ለአራዊት መጠለያ፣ ለሁላችንም የውኃ ምንጭ ናቸው። ላስረዳችሁ የምሻው አንድ ነገር ነው፦ ዕጣቸው የሚወሰነው በመሐላቸው ሳይሆን በዳራቸው ነው።

በመጀመሪያ የእነዚህን ደሴቶች ጠባይ እንመልከት። የምንገኘው ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ገደማ ነው። በኬክሮስ ብቻ ቢመዘን ሀገሩ ሞቃት በሆነ ነበር። ነገር ግን በየ1,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ሙቀት በአማካይ በ6 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀንሳል። የወጨጫ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,300 ሜትር ስለሚልቅ፣ በሐሩር ክልል መካከል የደጋ አየር ተፈጥሯል። ተራራውን የሚወጣ ሰው ይህን ከዕፀዋቱ ማንበብ ይችላል። በታችና በመካከለኛው ከፍታ የሐበሻ ጥድ፣ ዝግባና ወይራ ያገኛል፤ ከፍ ሲል ኮሶ ይቀበለዋል፤ ከዚያ በላይ አስታ ይጀምራል። ይህ አስታ በሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻዎችና እንደ ኮርሲካ ባሉ ደሴቶች ላይ ከሚበቅለው ጋር አንድ ዝርያ ነው። በመካከላቸው በረሃና ባሕር ተዘርግቶ ሳለ አንድ ተክል በሁለቱም ስፍራ መገኘቱ፣ የተራራ ጫፍን ደሴት ብሎ መጥራት ዘይቤ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል።

የመናገሻ ሱባ ደን የሰው እጅ ያረፈበት ደሴት መሆኑንም ልናስታውስ ይገባል። በትውፊት እንደሚነገረው፣ ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የተራራውን መራቆት አይተው፣ ከሰሜን ሸዋው የወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው አስተክለዋል። ዛሬም በደኑ ግርጌ ከተፈጥሮው ደን ጎን ለጎን በሰው እጅ የተተከሉ ዛፎች ይታያሉ። ስለዚህ ይህ ደን የኖረው ሰው ስላልደረሰበት አይደለም፤ በየዘመኑ የሚጠብቀው በማግኘቱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልለፍ። ሮበርት ማካርተርና ኤድዋርድ ዊልሰን የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት በ1967 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በአንድ ደሴት ላይ የሚኖሩ ዝርያዎች ቁጥር በሁለት ነገሮች እንደሚወሰን አስረድተዋል፤ በደሴቱ ስፋትና ከሌላው የብስ ባለው ርቀት። ጠባብ ደሴት ዝርያዎቹን በቀላሉ ያጣል፤ ሩቅ ደሴት ደግሞ ላጣው ምትክ አያገኝም። ከእነርሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ሦስተኛ ነገር አከሉ፤ እርሱም ዳር ነው። በደን ዳር ፀሐይና ነፋስ ይገባሉ፤ አፈሩ ይደርቃል፤ ከብት ይሰማራል፤ ችግኝ ይረገጣል። የዳር ደን እንደ መሐል ደን አይደለም።

ጉዳዩን በቀላል ሒሳብ እንየው። እያንዳንዱ ጎኑ 1 ኪሎ ሜትር የሆነ፣ 100 ሄክታር ስፋት ያለው አራት ማዕዘን ደን አለ እንበል። የዳር ተጽዕኖ 100 ሜትር ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ቢሆን፣ እውነተኛ መሐል ሆኖ የሚቀረው 64 ሄክታር ነው። ይህንኑ ደን በሁለት መንገዶች አቋርጠን በአራት እኩል ክፍል ብናካፍለው፣ የእያንዳንዱ መሐል 9 ሄክታር፣ ድምሩም 36 ሄክታር ብቻ ይሆናል። ዛፍ የተቆረጠው ለመንገዱ ብቻ ነው፤ የደኑ መሐል ግን በግማሽ ሊቀንስ ምንም አልቀረውም። አባቶቻችን «ዳር ሲፈታ መሐል ዳር ይሆናል» ሲሉ ስለ ሀገር ድንበር መናገራቸው ነበር። አባባሉ ለደንም ቃል በቃል ይሠራል።

የተለያዩት ደሴቶች ይገናኛሉ ወይ? መልሱ እንደ ነዋሪው ይለያያል። የጥድንና የወይራን ፍሬ የሚበሉ ወፎች ዘሩን በሆዳቸው ይዘው ከደን ወደ ደን ይሻገራሉ። የምኒልክ ድኩላ ግን መንደርና አውራ ጎዳና አቋርጦ ከወጨጫ ወደ እንጦጦ ሊሄድ አይችልም። ጉሬዛም ኑሮው በዛፍ ላይ ነውና፣ ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ ካልተያያዘ መንገዱ ይቆረጣል። በእነዚህ ስፍራዎች መካከል ያሉ የወንዝ ዳር ዛፎች፣ የገደል ቁጥቋጦዎችና አጸደ ቤተ ክርስቲያናት፣ ስፋታቸው ቢያንስም፣ እንደ መሸጋገሪያ ድንጋይ ያገለግላሉ።

ከደን ወደ ውኃ ስንሻገር ሕጉ አይለወጥም። በኦሮምኛ «ለገ» ማለት ወንዝ ነው፤ ለገዳዲም ለገጣፎም በስማቸው ውኃን ይዘዋል። በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የተሠራው የለገዳዲ ግድብ ከአዲስ አበባ ዋና ዋና የመጠጥ ውኃ ምንጮች አንዱ ነው። ዳርቻው ሰፊ ሰማይና ጸጥታ ስላለው ሰውን ይጋብዛል፤ ነገር ግን እንደ ላንጋኖ የሚዋኙበት ዳርቻ ሊሆን አይገባውም። በክረምት ከዙሪያው እርሻ የሚወርደው ጎርፍ አፈር ይዞ ይገባል። አፈሩ ግድቡን ይሞላል፤ ውኃውን ያደፈርሳል፤ የማጣሪያ ጣቢያውን ሥራና የኬሚካል ወጪ ያበዛል። ማዳበሪያና ፍሳሽ ሲጨመሩበት ደግሞ አልጌ ይራባል። ይህን የሚገታው በውኃውና በእርሻው መካከል የሚቀር የሣርና የቁጥቋጦ ሰቅ ነው። ሣር የጎርፉን ፍጥነት ይቀንሳል፤ አፈሩም ከውኃው ሳይደርስ ይዘቅጣል። የግድብ ዳርቻ ሲታረስ ወይም ሲገነባበት የሚጎዳው ማጣሪያው ቀላል የሆነውና ዋጋ የማይጠየቅበት ክፍል ነው።

ሱሉልታ ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። የእንጦጦ ሸንተረር የሁለት ተፋሰሶች ድንበር ነው፤ በደቡብ የወረደው ዝናብ በአቃቂ በኩል ወደ አዋሽ፣ በሰሜን የወረደው በሙገር በኩል ወደ ዓባይ ይሄዳል። የሱሉልታ ሜዳ በክረምት ውኃ የሚተኛበት፣ በበጋ ድርቆሽ የሚታጨድበት መስክ ነው። ለተመልካች ባዶ መሬት ይመስላል፤ በተግባር ግን ዝናቡን ተቀብሎ ቀስ በቀስ የሚለቅ ስፖንጅ ነው። ዛፍ የሌለበትን መሬት ሁሉ ባዶ ብለን ስንቆጥር፣ ለቤትና ለፋብሪካ ቀድሞ የሚሰጠው እርሱ ይሆናል።

ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ለገጣፎ ለገዳዲ በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች አጎራባች ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ይህ ለጥያቄያችን ትልቅ ትርጉም አለው። ቀድሞ በየከተማው ፕላን ጠርዝ ላይ የነበሩት ደኖችና ግድቦች አሁን በአንድ ሰፊ ከተማ ውስጥና በከተማውና በአዲስ አበባ መካከል የሚገኙ ሆነዋል። ጠርዝ የነበረው መካከል ሲሆን ሁለት ዕድል አለው፤ ወይ እንደ ክፍት መሬት ተቆራርሶ ያልቃል፣ ወይ የከተማው ሳንባና ማድጋ ተብሎ በፕላን ይከበራል።

እዚህ ላይ የጎብኚው ነገር ይነሣል። ጎብኚ በደን ላይ የሚጨመር አዲስ ዳር ሊሆን ይችላል፤ ከመንገድ ሲወጣ ችግኝ ይረግጣል፣ እሳት ይተዋል፣ ዝንጀሮን ምግብ ያስለምዳል። ጠባቂም ሊሆን ይችላል፤ የሚያውቀው ደን ሲጠፋ የሚጠይቅ እርሱ ነውና። ስለዚህ ሁሉንም ስፍራ በአንድ ሚዛን መመዘን አይገባም። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የሚገኘው አብዛኛው ባሕር ዛፍ በሆነ ተራራ ላይ ነው። ይህ ዛፍ የገባው በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ሲሆን፣ ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይመሰክራል። እንዲህ ያለው ስፍራ ብዙ ሕዝብ ሊሸከም ይችላል። ሱባ ግን በተወሰነ ጎዳና፣ በአካባቢው መሪ፣ በዝግታ የሚጎበኝ ደን ነው። የገፈርሳና የለገዳዲ ግድቦች ደግሞ ከርቀት፣ በዓይንና በመነጽር ይጎበኛሉ፤ በሀገራችን ደጋ ብቻ የሚኖረው ሰማያዊ ክንፍ ያለው ዝይ በገፈርሳ ዳርቻ ሣር ሲግጥ ለማየት ወደ ውኃው መግባት አያስፈልግም።

ነገር ግን ከጎብኚው በፊት በዳሩ የሚኖር ሰው አለ። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች፣ በሱባ ግርጌ ከብት የሚያሰማራ ገበሬ፣ በለገዳዲ ዙሪያ ጤፍና ስንዴ የሚዘራ ቤተሰብ፣ ከጥበቃው ድርሻ ካላገኙ አጥሩ ለእነርሱ ቅጣት ብቻ ይሆናል። በደቡብ ጎንደር ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው ከካህናትና ከምእመናን ጋር ሆነው በአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ አድርገዋል። ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ ሲለቀም ማሳው ለእርሻ ይመቻል፤ ካቡም ከብቱን ከችግኙ ይለያል። ዳሩን ያጸናው የድንጋዩ ብዛት ሳይሆን ሁለቱም ወገን መጠቀማቸው ነው።

ውድ ተማሪዎች፤ ከእናንተ መካከል የከተማ ፕላን፣ የውኃ ምሕንድስና፣ የሕግና የሥነ ሕይወት ባለሙያዎች ይወጣሉ። ካርታ ሲቀርብላችሁ አረንጓዴ የተቀባው ስፋት ስንት ሄክታር እንደሆነ መጠየቅ መልካም ነው፤ ግን አይበቃም። ዳሩ ምን ያህል ይረዝማል? ማን ይኖርበታል? ከየትኛው ደሴት ጋር ይገናኛል? ብላችሁ ጠይቁ። ዳሩ ያልተጠየቀለት ደን በካርታ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ በምድር ላይ ሊያልቅ ይችላል።