የቀድሞ ፎንቶች በአዲስ ኮምፒዩተር ላይ

ከጁባ ከተማ በስተደቡብ፣ በነጭ ዓባይ ዳር፣ ረጃፍ የምትባል ሥፍራ ትገኛለች። በ1928 እ.ኤ.አ. በዚያ የተካሄደው የቋንቋ ጉባኤ እንደ ዲንካ፣ ኑዌርና ባሪ ያሉ ቋንቋዎች በትምህርት ቤት የሚጻፉበትን የላቲን ፊደል ጉዳይ መርምሮ ነበር። ተራው የላቲን ፊደል ለቋንቋዎቹ ድምፅ ስለማይበቃ፣ ጭራዋ የታጠፈ «ኤን»ን የመሳሰሉ ፊደላት ተጨመሩ። እነዚህ ግን በተለመደው የእንግሊዝኛ የቁልፍ ሰሌዳ ላይ አይገኙም። የእኛንም የግዕዝ ፊደል የገጠመው ችግር ይኸው ነው።

እንደሚታወቀው ኮምፒዩተር የሚያስቀምጠው ፊደልን ሳይሆን ቁጥርን ነው። ፎንት ማለት ለእያንዳንዱ ቁጥር መልክ የሚሰጥ የቅርጾች ስብስብ ነው። የቀድሞው አሠራር ለአንድ ፎንት ከ256 የማይበልጡ ቁጥሮችን ይፈቅድ ነበር፤ ከእነዚህም ከፊሉ ለማሽኑ ትእዛዝ የተያዘ ነው። ፊደላችን ከነዲቃሎቹ፣ ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ በዚህ ስለማይበቃ፣ ባለሙያዎች የላቲኑን ቅርጽ አንሥተው በቦታው የግዕዙን አስቀመጡ፤ ገበታውንም በሁለትና ከዚያ በላይ በሆኑ ፎንቶች ከፋፈሉት። ሁሉም በየራሱ መንገድ ስለ ሠራ፣ በአንዱ ፎንት «ሀ» የሆነው ቁጥር በሌላው «መ» ሊሆን ይችል ነበር።

በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለ345 የግዕዝ ምልክቶች ለእያንዳንዳቸው የማይለወጥ ቁጥር ሰጠ። «ሀ» በጁባም ሆነ በጎንደር 4608 ነው፤ ባለ ጭራዋ «ኤን»ም 331 ነች። በ2007 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ መጣ። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ዊንዶውስ 10 ኒያላን ለብቻው የሚጫን ተጨማሪ ቢያደርገውም፣ በዩኒኮድ የተጻፈ ጽሑፍ ኢብሪማ በተባለው ፎንት ይነበባል። መልኩ ይለወጣል እንጂ ቃሉ አይለወጥም።

የቀድሞው ፋይል ግን ፎንቱ በሌለበት አዲስ ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የሌላቸው የላቲን ፊደላት ድርድር ይሆናል። ብዙ ሰዎችም «ፋይሉ ተበላሽቷል» ብለው ይደመስሱታል። እኛም የብዙ ዓመት የፈተና ወረቀትና የመዝገበ ቃላት ረቂቅ በዚህ ምክንያት ሊጣል ሲል አይተናል። ቁጥሮቹ ግን እንዳሉ ናቸው፤ የጎደለው መፍቻቸው ነው።

እንግዲህ መምህራን የሚከተለውን ብናደርግ ይጠቅማል።

አንደኛ፣ ዋናውን ፋይል ሳንነካ በቅጂው እንሥራ።

ሁለተኛ፣ ጽሑፉን መርጠን በፎንት ሳጥኑ ውስጥ የሚታየውን ስም እንመዝግብ። በዎርድ ፋይል ውስጥ ፎንቱ በማሽኑ ላይ ባይኖርም ስሙ ይታያል።

ሦስተኛ፣ ፎንቱን ከአሮጌው ኮምፒዩተር አምጥተን እንጫን። የቀድሞ ትሩታይፕ ፎንቶች በአብዛኛው ዛሬም ይሠራሉ። የመተየቢያው ፕሮግራም ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ በዊንዶውስ 3.1 ዘመን የተሠሩ ባለ 16 ቢት ፕሮግራሞች በባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ አይሠሩም።

አራተኛ፣ ጽሑፉ ሲነበብ በወረቀት እናትመው፤ ከዚያም ለዚያው ፎንት በተዘጋጀ መለወጫ ወደ ዩኒኮድ እንለውጠው። የፎንቱን ስም ብቻ ወደ ኢብሪማ መቀየር ቁጥሮቹን ስለማይለውጥ አይበቃም።

አምስተኛ፣ የተለወጠውን ከታተመው ጋር ቃል በቃል እናመሳክር። በተለይ ዲቃላ ፊደላትን፣ ቁጥሮችንና አራት ነጥብን እንመልከት።

ይህን ሁሉ ከጨረስን በኋላም የቀድሞውን ፎንት አንጣለው፤ ከፋይሉ ጋር በአንድ ማኅደር እናስቀምጠው። ነገ ሌላ መምህር ሌላ አሮጌ ፋይል ያገኝ ይሆናል።

ለተማሪዎች መልመጃ፦ በዩኒኮድ ሰንጠረዥ የ«ሀ» ቁጥር 4608 ነው፤ እያንዳንዱ የፊደል ቤትም ስምንት ቦታ ይይዛል። የ«ለ»፣ የ«ሐ» እና የ«መ» ቁጥሮች ስንት ስንት ናቸው? ለ«መ» 4632 ያገኘ ተማሪ በትክክል ሠርቷል።