ካርቱም፦ ምርመራው ቀድሞ ሕክምናው ሲዘገይ

ካርቱም ውስጥ «አዝ-ዘራ» ሲባል የማያውቀው የለም። የአቶም ሆስፒታል ማለት ነው። በወረቀት ላይ ያለው ስሙ የካርቱም የጨረርና የአይሶቶፕ ማዕከል ሲሆን ሥራ የጀመረው በ1960ዎቹ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1999 ዋድ መዳኒ ላይ፣ በገዚራ ዩኒቨርሲቲ ሥር፣ ሁለተኛ ተቋም እስኪከፈት ድረስ ከዳርፉርም ይምጣ ከፖርት ሱዳን፣ የጨረር ሕክምና የታዘዘለት ታማሚ መድረሻው ይህ ግቢ ነበር። ሐኪሞቹም ለዓመታት አንድ ነገር ሲደጋግሙ ኖረዋል፦ አብዛኛው ሰው የሚመጣው ካንሰሩ ሦስተኛና አራተኛ ደረጃ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። በዚያ ደረጃ የሚደረገው ሕክምና በአመዛኙ ሕመም ማስታገስ ነው።

ለምን ዘግይተው ይመጣሉ? ከሹማምንቱ የሚሰማው መልስ «የግንዛቤ ማነስ» ነው። በአዲስ አበባም ይኸው መልስ ይሰማል። ሐሰት ባይሆንም ጥፋቱን በሙሉ በታማሚዋ ላይ ስለሚጭን ለመልስ ሰጪው ይመቸዋል። የጡት ካንሰር ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም። የማያም እብጠት ያገኘች የገጠር ሴት ደግሞ የምታወጣው ሂሳብ ቀላል አይደለም፤ የአውቶቡስ ዋጋ፣ ካርቱም ውስጥ ማደሪያ፣ ልጆቹን የሚይዝ ሰው፣ ውጤት እስኪመጣ የሚያልፉት ሳምንታት። ይህ ሁሉ ተከፍሎ የሚገኘው «ጡትሽ ይቆረጣል» የሚል ቃል ከሆነ እቤት መቀመጧ ካለማወቅ የመጣ አይደለም።

ከጥያቄው መልሶች አንዱ በ2010 በከተማዋ ተከፈተ። ለረጅም ዓመታት በብሪታንያ የሠሩት ሱዳናዊቷ የራዲዮሎጂ ሐኪም ሃኒያ ፋድል፣ በሞ ኢብራሂም ፋውንዴሽን ገንዘብ፣ የካርቱም የጡት ሕክምና ማዕከልን አቋቋሙ። ለትርፍ የማይሠራ ነበር፤ የማሞግራም (የጡት ራጅ) ማሽን፣ የናሙና ምርመራና ሕክምና በአንድ ጣሪያ ሥር የተሰበሰቡበት፣ ንጹሕና ሥርዓት ያለው ቦታ። ካርቱም እንዲህ ያለ ተቋም ማየቷ ራሱ ዜና ነበር። ነገር ግን ሀገሪቱ ከ1997 ጀምሮ በአሜሪካ ማዕቀብ ሥር ነበረች። መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ በሕጉ ይፈቀዳል ቢባልም ባንኩ ገንዘብ አያስተላልፍም፤ አቅራቢውም የፈቃዱን ጣጣ ፈርቶ ይሸሻል። አንድ መለዋወጫ ሲጠበቅ ማሽን ቆሞ ይከርማል። የንግድ ማዕቀቡ የተነሳው በ2017 ነው።

ማሞግራም ሌላም ችግር አለበት። በሱዳንም በኢትዮጵያም የጡት ካንሰር ከሚገኝባቸው ሴቶች ብዙዎቹ ገና 50 ዓመት ያልሞላቸው ናቸው። የወጣት ሴት ጡት ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በማሞግራም ሥዕል ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ እብጠቱም ነጭ ነው። መሣሪያው በደንብ የሚሠራው በዕድሜ ገፋ ባሉት ላይ ነው። የአውሮፓን የምርመራ መርሐ ግብር እንዳለ ካርቱም ላይ መትከል የማያዋጣው ከዋጋው በላይ በዚህ ምክንያት ነው።

በጉዳዩ ላይ ብዙ ያስተማረው ሥራ የተሠራው ግን ከዋና ከተማዋ ውጭ ነው። የዋድ መዳኒው ተቋም ሐኪሞች፣ ዳፋላ አቡ ኢድሪስና ባልደረቦቻቸው፣ ከ2010 እስከ 2012 በገዚራ ግዛት ከሬሜት በሚባል የገጠር አካባቢ አንድ ሙከራ አደረጉ። ማሽን አልወሰዱም። ከየመንደሩ ሴቶችን መርጠው ጡትን በእጅ እየዳሰሱ መመርመርን አሠለጠኑ። በጎ ፈቃደኞቹ ሐኪምም ነርስም አልነበሩም፤ የዚያው መንደር ልጆች፣ የዚያው መንደር እናቶች ነበሩ።

ውጤቱ በ2013 በላንሴት ኦንኮሎጂ መጽሔት ታተመ። በአካባቢው ከነበሩት 14,788 ሴቶች 10,309ኙ ተመረመሩ፤ 70 በመቶ ማለት ነው። አጠራጣሪ ነገር ተገኝቶባቸው ወደ ሆስፒታል የተላኩት 138 ነበሩ። ከእነዚህ 20ዎቹ ሆስፒታል አልሄዱም። ከሄዱት 118 ሴቶች 101ዱ ለሕይወት የማያሰጋ እብጠት ነው ተብለው ተመለሱ። የስምንቱ ካንሰር ገና ከተነሳበት ቦታ አልወጣም ነበር፤ ዘጠኙ ደግሞ መሰራጨት የጀመረ ካንሰር ነበረባቸው። ከ17ቱ 12ቱ ታክመው፣ ሙከራው ሲያበቃ ከበሽታው ነፃ ነበሩ። ለንጽጽር በተመረጠው፣ ቤት ለቤት ምርመራ ባልተደረገበት አካባቢ፣ በራሳቸው ወደ ሆስፒታሉ የመጡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ካንሰር የተገኘባቸውም በሽታው ገፍቶባቸው ነበር።

ከእነዚህ ቁጥሮች ሁለቱን ቆም ብሎ ማየት ይገባል። አንደኛው 70 በመቶው ነው። «ግንዛቤ የላቸውም» የተባሉት ሴቶች የሚያውቋት ሴት በራቸውን ስታንኳኳ ከፈቱ። ሁለተኛው 101ዱ ናቸው። በቅድመ ምርመራ ከሚገኘው አጠራጣሪ ነገር ሁልጊዜ የሚበዛው ደህና ሆኖ ይገኛል፤ ያም ሆኖ ለእያንዳንዷ ሴት የጭንቀት ሳምንታት ነው። ሆስፒታሉ ቅርብ ባይሆን፣ ናሙናውን ማይክሮስኮፕ ሥር የሚያይ ባለሙያ ባይኖር ኖሮ፣ ሙከራው በመንደሩ ላይ ፍርሃት ዘርቶ ይመለስ ነበር።

በእጅ መዳሰስ ሞትን ይቀንሳል ወይ የሚለውን የከሬሜት ሙከራ ሊመልሰው አይችልም፤ ጊዜው አጭር፣ የታማሚው ቁጥርም ትንሽ ነው። የተሻለ መልስ የመጣው ከሙምባይ ነው። እዚያ 150,000 የሚያህሉ ሴቶች ከ1998 ጀምሮ ለ20 ዓመታት ክትትል ተደርጎላቸው በ2021 ውጤቱ ወጣ። ካንሰሩ ቀደም ባለ ደረጃ ተገኝቷል፤ 50 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑት ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር የመጣው ሞት በ30 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ከዚያ በታች ባሉት ላይ ግን ያን ያህል ለውጥ አልታየም። ለሱዳንና ለኢትዮጵያ ይህ መራራ ነው፤ የእኛ ታማሚዎች ወጣቶች ናቸውና። እብጠት ያላት ሴት ሁሉ በሳምንታት ውስጥ ሐኪም እንድታገኝ ማድረግ፣ ጤነኛውን ሁሉ ከመመርመር ይልቅ ብዙ ሕይወት ሊያድን ይችላል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። እኔም ወደ እነሱ አዘነብላለሁ።

ካንሰር ስሙ ስለሚያስፈራ ወሬውን ሁሉ ይወስዳል እንጂ ካርቱምን በዝምታ የሚጎዷት የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ናቸው። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በ2021 ባወጣው ግምት ከሱዳን አዋቂዎች 19 በመቶ የሚጠጉት ስኳር አለባቸው፤ ከዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። ከነጭ ዓባይ ዳር የኬናና ፋብሪካ የሚወጣው ስኳር የት እንደሚገባ ለማወቅ ካርቱም ውስጥ ሻይ መጠጣት ይበቃል፤ ከብርጭቆው ግርጌ ሳይሟሟ የቀረ ስኳር ይጠብቃል። በከተማዋ ያለው የጃቢር አቡ ኢዝ የስኳር ሕክምና ማዕከል ስሙ ከእግር ቁስል ጋር ተያይዞ የሚነሳውም በከንቱ አይደለም። ነርቩ ደንዝዞ እሾህ ሲወጋው የማይሰማው ሰው፣ ስኳር እንዳለበት የሚያውቀው አንዳንዴ እግሩ ሊቆረጥ ሲል ነው። ግፊት ለመለካት የክንድ መጠቅለያና አምስት ደቂቃ፣ ስኳር ለማወቅ አንድ ጠብታ ደም ይበቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ግን የዕድሜ ልክ ነው። ክኒኑ በየወሩ ካልተገኘ «ግፊት አለብህ» መባል ለሰውየው ጭንቀት ከመጨመር አያልፍም።

ወንዶቹን በተመለከተ ሱዳን የራሷ የሆነ ጣጣ አላት፤ ቱምባክ ይባላል። የትምባሆ ቅጠል ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ እንዲብላላ ይደረግና አትሩን ከሚሉት የአፈር ጨው ጋር ይለወሳል። ተጠቃሚው በጣቱ አድቦልቡሎ ሳፋ ይሠራና በታችኛው ከንፈሩና በድዱ መሃል ይወትፈዋል። ጨዉ ኒኮቲኑ ቶሎ ወደ ደም እንዲገባ ያደርጋል፤ መብላላቱ ደግሞ ናይትሮሳሚን የሚባሉትን ካንሰር አምጪ ውህዶች ያበዛል። በ1991 የወጣው የአሊ ኢድሪስና የባልደረቦቹ ጥናት በቱምባክ ውስጥ ያገኘው የእነዚህ ውህዶች መጠን በሌላ ሀገር ጭስ አልባ ትምባሆ ውስጥ ከሚታወቀው እጅግ የበለጠ ነበር። የካርቱም የጥርስ ሐኪሞች በታችኛው ከንፈርና ድድ ላይ የሚነሳ ካንሰር ደጋግመው የሚያዩት ለዚህ ነው።

ሲጋራ የሚያጨስ ሰው በሚወቀስበት ቤት ቱምባክ በዝምታ ይታለፋል፤ ጭስ የለውማ። ግን ይህ ካንሰር ከብዙዎቹ ይልቅ ለመያዝ የሚመች ነው። ከመድረሱ በፊት ሳፋው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ነጭ፣ የማይፋቅ ለምጽ መሰል ነገር ይወጣል፤ ከንፈርን ገልብጦ በባትሪ ማየት ይበቃል። በሦስት ሳምንት የማይድን የአፍ ቁስልም ሐኪም ዘንድ የሚያስኬድ ነው። ማተሚያ ቤት የሚያጨናንቁት ፖስተሮች ስለ አትክልትና ስለ ስፖርት ከሚሰብኩ ይህን አንድ ነገር ቢናገሩ ይሻል ነበር።

ሀበሻውስ? በካርቱም ዴምና ጅሬፍ ሰፈሮች በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ኖረዋል። በየቤቱ ያገለገሉት፣ በየጎዳናው ሻይና ቡና ያፈሉት ሴቶች አብዛኞቹ መታወቂያቸው ያልተስተካከለ ነበርና ሆስፒታል የሚሄዱት ሲወድቁ ነበር። ለእነሱ ቅድመ ምርመራ ከመታወቂያ ወረቀት የሚጀምር ጉዳይ ነው። ሀገር ቤት ግን ለአንዱ በሽታ የተሻለ መንገድ ተከፍቷል። ኢትዮጵያ በ2018 መጨረሻ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የማህፀን በር ካንሰርን የሚከላከለውን ክትባት መስጠት ጀመረች፤ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉት ሴቶችም በጤና ጣቢያ ደረጃ በአሴቲክ አሲድ የሚደረግ ምርመራ አለ። ፈሳሹ ሲቀባ የተለወጠው አካል ነጭ ይሆናል፤ ነርሷ በዓይኗ አይታ፣ የሚቻል ከሆነ እዚያው፣ በዚያው ቀን ታክመዋለች። የዚህ ዘዴ ብልሃቱ ርካሽነቱ ብቻ አይደለም፤ ሴትዮዋን በምርመራና በሕክምና መሃል ባለው መንገድ ላይ አያጠፋትም። ከሬሜት ላይ ሆስፒታል ሳይሄዱ ከቀሩት 20 ሴቶች ጋር ስናስተያየው ዋጋው ይታያል።

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ጦርነት ካርቱም ላይ ተነሳ። አዝ-ዘራ ሥራ አቆመ፤ የጡት ማዕከሉም ከሥራ ውጭ ሆነ። ታማሚው ወደ ዋድ መዳኒ ጎረፈ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ መዳኒም በፈጥኖ ደራሹ ኃይል ተያዘች። ከዚያ በኋላ የጨረር ሕክምና የሚፈልግ ሰው ዓይኑን የጣለው ከካርቱም ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በሰሜን በምትገኘው ሜሮዌ ላይ ነው። ኢንሱሊን የሚያቀዘቅዝ መብራት ጠፋ፤ የኩላሊት እጥበት የተቋረጠባቸው ሰዎች ሞቱ። በገላባት በኩል ወደ መተማ የተሻገሩት ሱዳናውያንና ተመላሽ ኢትዮጵያውያን ከያዙት ፌስታል ውስጥ የሕክምና ወረቀት አይታሰብም፤ ምን መድኃኒት በምን መጠን ሲወስዱ እንደነበር በቃል መናገር የማይችል የግፊትና የስኳር ታማሚ ደግሞ ሕክምናውን ከዜሮ ይጀምራል። የክኒን እሽጉን በስልክ ፎቶ አንስቶ መያዝ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ለስደተኛ ግን ትልቁ የጤና መረጃው ነው።

በ2025 መጀመሪያ ወራት ጦሩ መዳኒንና ካርቱምን መልሶ ያዘ፤ ሰውም ወደየቤቱ መመለስ ጀመረ። አሁን ጥያቄው ቀድሞ የሚጠገነው የቱ ነው የሚል ነው። ለጋሽ ማሽን መስጠት ይወዳል፤ ማሽን ሪባን ይቆረጥለታል፣ ፎቶ ይነሳል። እኔ ብጠየቅ ግን ማሞግራሙን ወደ ኋላ አቆየዋለሁ። በየጤና ጣቢያው የግፊት መለኪያና የማይቋረጥ ክኒን ይግባ። ከሬሜት ላይ እንደሆነው የሠለጠኑ ሴቶች በየሰፈሩ ይኑሩ። ከሁሉም በፊት ደግሞ የተላከላትን ናሙና በሁለት ሳምንት ውስጥ አይታ «ካንሰር ነው፣ አይደለም» ብላ የምትመልስ የፓቶሎጂ ሐኪም፣ ፎርማሊንና ማይክሮስኮፕ ያለው አንድ ክፍል ይከፈት። እሱ እስኪከፈት ሌላው ሁሉ የታማሚ ዝርዝር ከማርዘም በቀር ምን ይፈይዳል?