ስለ ቀይ ቀለምና ስለ ፎቶግራፍ ውድድር

በፎቶግራፍ ውድድር ልማድ ዳኞች አንዳንድ ጊዜ የአንድ ቀለም ስም ብቻ አውጥተው «በዚህ ርእስ ሥዕል አምጡ» ብለው ያስታውቃሉ። ነገሩ ሲሰሙት ለሕፃን እንኳ የሚቀል ይመስላል። ዳሩ ግን ከሌላው ርእስ ይልቅ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ይህ ነው። «ፈረስ» ቢባል ፈረሱን ፈልጎ ማንሳት ነው፤ «ቀይ» ቢባል ግን ቀይ ብቻውን ቆሞ የሚገኝበት ስፍራ የለም። ቀይነት ሁልጊዜ በሌላ ነገር ላይ ያደረ ነው፤ በጨርቅ፥ በአፈር፥ በአበባ፥ በሰው ፊት። ስለዚህ ተወዳዳሪው ካሜራውን ከማንሳቱ አስቀድሞ ቃሉን መተርጐም ይገባዋል። በዛሬው ዘመን ልጆች በየቤቱ በስልካቸው ሥዕል እያነሱ ለውድድር ስለሚልኩ፥ ነገሩ የቤተ ሰብም ጉዳይ ሆኗልና ክቡራን አንባብያን በትዕግሥት ይመልከቱልኝ። ለምሳሌ ቀይን መርጫለሁ። የምጠቅሳቸውም ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የትርጓሜ መምህራን አንዱን ቃል «አንድም፥ አንድም» እያሉ በየመልኩ እንደሚፈቱት፥ ቀይንም እንደዚያው መፍታት ይቻላል፤ በአማርኛችን ይህ ስም እጅግ ሰፊ ነውና። ቀይ ጤፍ የምንለው በእውነቱ ወደ ቡናማ ያደላል። ቀይ ሽንኩርትና ቀይ ሥር ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳሉ። «ቀይ ሰው» ስንልም ፊቱ እንደ በርበሬ ነው ማለታችን አይደለም፤ ከጠይሙ ፈካ ያለ ነው ማለታችን ነው። ቀይ ባሕርም በአብዛኛው ጊዜ ለሚያየው ሰው ሰማያዊ ነው። አንዳንድ ወራት በውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ጥቃቅን ፍጥረት ገጹን ያቀላዋል፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው የሚሉ አሉ። እንግዲህ አንድ ሰው ከምጽዋ ዳር ቆሞ ሰማያዊውን ውሃ አንስቶ «ቀይ» ብሎ ቢልክ ቀልዱ ያስቅ ይሆናል፤ ነገር ግን የሚፈረደው በሥዕሉ ነውና በስሙ ብቻ አይረታም። ከሩቅ አገር የተቀመጠ ዳኛም የቀይ ጤፍን ነዶ ሲያይ ቀይነቱ አይታየውም።

ሥራዬ የፍርድ ቤት ጽሕፈት ስለ ሆነ በቃል ላይ መቆም ልማዴ ነው። የውድድሩም ማስታወቂያ እንደ አዋጅ በጥንቃቄ ይነበብ እላለሁ። «ቀይ ቀለም የሚገዛበት ሥዕል» የሚል እንደ ሆነ፥ ቀዩ በሥዕሉ ላይ ጌታ መሆን አለበት፤ በማዕዘን የወደቀች አንዲት ቀይ ክር አትበቃም። «ቀይ» ብሎ ዝም ያለ እንደ ሆነ ግን ፈቃዱ ሰፊ ነው፤ የምድጃ ፍም፥ ከለቅሶ በኋላ የቀላ ዓይን፥ የክረምት ጎርፍ የሚያወርደው አፈር፥ ሁሉም ይገባሉ። በእኔ አስተያየት ደጉን ከክፉው የሚለይ አንድ ጥያቄ አለ። ይህ ሥዕል ወደ ጥቁርና ነጭ ቢለወጥ የሚጐድለው ነገር አለን? ምንም የማይጐድለው ከሆነ፥ ቀዩ በሥዕሉ ውስጥ እንግዳ ነበረ እንጂ ባለቤት አልነበረም።

የብራና መጽሐፍ ያየ ሰው ይህን በቶሎ ያስተውላል። ቁም ጸሐፊው ጥቁርና ቀይ ቀለም አዘጋጅቶ ነገሩን በጥቁር ይጽፋል፤ የአምላክን፥ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም፥ የክፍሉንም መነሻ በቀይ ይጽፋል። ገጹ ሁሉ በቀይ ቢጻፍ ኖሮ ስሙ ተለይቶ ባልታየ ነበር። ቀዩ የከበረው ጥቂት ስለ ሆነና ጥቁሩ ስለ ከበበው ነው። እንደዚሁም ለውድድር የሚያነሳ ሰው፥ በቤቱ የተገኘውን ቀይ ዕቃ ሁሉ ሰብስቦ ከሚከምር፥ አንዱን ቀይ በአመድማ ግድግዳ ወይም በአረንጓዴ ማሳ ፊት ቢያቆመው ይሻለዋል።

ይሁን እንጂ ይህ የማይፈርስ ሕግ አይደለም። ዊልያም ኤግልስተን የተባለው አሜሪካዊ በ1973 በሚሲሲፒ፥ ግሪንውድ በተባለች ከተማ የአንድ ክፍል ኮርኒስ አነሳ። ሥዕሉ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። በመካከሉ ግን መሸፈኛ የሌለው አምፖል አለ፤ ከእርሱም ነጫጭ ሽቦዎች በኮርኒሱ ላይ ይዘረጋሉ። እነዚያን ሽቦዎች ቢያነሡአቸው የሚቀረው የተቀባ ሰሌዳ ነበር፤ ስላሉ ግን ተመልካቹ ክፍሉ የሚያፍነው ይመስለዋል። ይህ ሰው በ1976 የቀለም ሥዕሎቹን በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሲያሳይ ብዙ ተቺዎች ነቅፈውት ነበር። ዛሬ የሚነቅፈው ጥቂት ነው።

አሁን ደግሞ ስለ መኪናው ጥቂት ልናገር፤ ቀይ ካሜራን ከጥንት ጀምሮ ያስቸገረ ቀለም ነውና። በቀድሞ ዘመን የነበረው የፎቶግራፍ መስተዋት ለሰማያዊ ብርሃን ፈጣን ሲሆን ቀይን ፈጽሞ አያይም ነበር፤ ስለዚህ ቀይ ልብስ ጥቁር ሆኖ ይወጣ ነበር። ስኮትላንዳዊው ሊቅ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በ1861 በለንደን ባለ ቀለም ሥዕል ለመጀመሪያ ጊዜ አሳየ። ባለብዙ ቀለም ጥብጣብ በቀይ፥ በአረንጓዴና በሰማያዊ ማጣሪያ ሦስት ጊዜ አስነሥቶ፥ ሦስቱን በፋኖስ ብርሃን አንድ ላይ ጣላቸው። ሰዎች ተደነቁ። ነገር ግን መስተዋቱ ቀይን የማያይ ሆኖ ሳለ ቀዩ ከወዴት መጣ? ምሥጢሩ የተገለጠው መቶ ዓመት ቈይቶ በ1961 ነው፤ የጥብጣቡ ቀይ ክፍል ለሰው ዓይን የማይታየውን፥ ከሐምራዊ ወዲያ ያለውን ብርሃን ደግሞ ይመልስ ነበር፤ በመስተዋቱም ላይ የተጻፈው ያ የማይታየው ብርሃን ነበረ።

የዛሬው ካሜራ ቀይን ያያል፤ ቢሆንም ፈተናው አልቀረለትም። ብራይስ ባየር የተባለው የኮዳክ መሐንዲስ በ1976 የባለቤትነት መብት ባገኘበት ሥራ፥ ከአራት የብርሃን መቀበያ ነጥቦች ሁለቱ ለአረንጓዴ፥ አንዱ ለሰማያዊ፥ አንዱ ለቀይ ተሰጥተዋል፤ አብዛኞቹም ካሜራዎች ይህን ይከተላሉ። በጠራራ ፀሓይ ቀይ ጽጌረዳ ሲነሣ፥ ሌሎቹ ነጥቦች ገና ሳይጠግቡ የቀዩ ሞልቶ ይፈስሳል፤ የአበባውም ቅጠል ከቅጠል ሳይለይ አንድ ቀይ እድፍ ይሆናል። መድኃኒቱ ብርሃኑን ጥቂት መቀነስ ወይም ደመና እስኪሸፍን መጠበቅ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ከተነሣ በኋላ ቀለሙን በስልክ ማጋነን ነው። የእኅቴ ልጅ ለእንዲህ ያለ ውድድር አያቷን፥ ማለት እናቴን፥ በግቢ ፀሓይ ላይ ዛላ በርበሬ ሲቀነጥሱ አንስታቸው ነበር። ሥዕሉ መልካም ነበረ፤ በርበሬው በሰፌድ፥ ጣቶቻቸው በላዩ፥ ነጠላቸው ነጭ። ልጅቱ ግን «ጋሼ፥ ቀዩ አነሰ» ብላ እስኪጠግብ ድረስ ከፍ አደረገችው። በርበሬው እንደ እሳት ነደደ፤ ጠይም የሆነው የእናቴ ፊትም አብሮ ነደደ። ወስዳ ብታሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ተመለከቱና፥

«ይህች ሴትዮ ማን ናት? ትኩሳት ይዟታልሳ» አሉ።

«እርስዎ ነዎት እኮ፥ እማማ» አለች።

«የለም ልጄ፥ እኔስ እንዲህ አልነደድሁም።»

ልጅቱ አኰረፈች፤ ማታ ግን ራሷ ወደ ፊተኛው መለሰችው። ለእኔ ከማንኛውም ዳኛ ፍርድ ይህ ይበልጥብኛል። በርበሬ ቢጋነን የሚከስስ የለም፤ ሰው ግን የገዛ መልኩ የራሱ ነው፥ ለርእስ ተብሎ ሊቀባ አይገባውም። ቀዩን ማጕላት የፈለገ የሚቀመጡበትን ቦታና ሰዓቱን ይምረጥ።

ስለ ሰዓት ካነሣን፥ ሲመሽ ዓይናችን ቀይን ፈጥኖ ይተዋል፤ ከቀይ አበባና ከሰማያዊ አበባ ቀዩ ቀድሞ ይጠቍራል። ይህን በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ፑርኪንየ የተባለ የቦሔሚያ ሐኪም አስተዋለው። ካሜራው ግን ይህ የዓይን ድካም የለበትም፤ በምሽት ለእኛ የጠፋን ቀይ እርሱ ያገኘዋል። በዚያ ሰዓት የሚያነሣ ሰው ዓይኑን ብቻ ሳይሆን የወጣውንም ሥዕል ይመልከት።

ሥዕሉ ሲላክ ዋናው፥ ምንም ሳይነካ፥ በቤት ይቀመጥ። በዜና ፎቶግራፍ የታወቀው «ወርልድ ፕሬስ ፎቶ» በ2015 ከመጨረሻው ዙር በፊት ከደረሱት ሥዕሎች ከመቶው 20ውን የሰረዘው፥ የተላከውን ከዋናው ጋር አስተያይቶ ነው።